ዝም ካለች ማን ይጠራ

ስንሻው ጠዋት ቢሮ ሲገባ የመጀመሪያ ሥራው ማዳመጥ ነበር። የወይዘሮ ሉባባ የአውቶቡስ ትኬት መሸጫ ድርጅት ላምበረት መናኸሪያ ፊት ለፊት በሚገኝ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍሎች ተከራይቷል። አንደኛው መስኮት አለው፤ ሰው ይሠራበታል። ሁለተኛው መስኮት የለውም፤ ሰርቨሩ የሚኖረው እዚያ ነው። ይህ ሁለተኛው ክፍል ቀድሞ አንድ ቆዳ ነጋዴ ዕቃውን ያከማችበት ስለነበር፣ ስንት ጊዜ ታጥቦና ኖራ ተቀብቶ እንኳ የጥሬ ቆዳና የጨው ሽታው ከግድግዳው አልወጣም፤ በዚያ ላይ የጋለ ፕላስቲክና የአቧራ ሽታ ስለተጨመረበት እንግዳን ሰው አፍንጫ ያስይዛል። ስንሻው ለምዶታል። በሩን ገርበብ ያደርግና ጆሮውን ወደ ጨለማው አስጠግቶ የማቀዝቀዣውን ፋን እንጉርጉሮ ይሰማል። ድምፁ ካለ ሰርቨሩ አለ፤ ድምፁ ከሌለ የለም። ዲግሪ የያዘ ሰው የአንድን ድርጅት ሰርቨር በጆሮው ብቻ ሲጠብቅ ኖረ ቢባል ማን ያምናል? እሱ ግን እንዲያ ነበር የሚጠብቀው።

ይህ ዘዴ ለከተራ ዕለት አላገለገለም። የዚያን ዕለት አገር ምድሩ ወደ ዘመዱ ሲጎርፍ፣ ስንሻው ታቦት ሊሸኝ ወጥቶ ስልኩን ድምፁን አጥፍቶ ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከተተው። ሰርቨሩ ከረፋዱ ጀምሮ ጸጥ ብሎ ነበር። ትኬት ቆራጮቹ በግምት ሲሸጡ አንዱን ወንበር ለሁለት ሰው፣ አንዳንዱንም ለሦስት ሰው ሸጡት። ልጅ ያዘለች ሴት ከደሴ አውቶቡስ ወርዳ መናኸሪያው መሀል ቆማ ስታለቅስ ወይዘሮ ሉባባ በዓይኗ አየች። ሰርቨሩ መሞቱን የነገሯትም ተሳፋሪዎቹ ናቸው።

በማግሥቱ ስንሻውን ጠራችው። አልጮኸችበትም፤ ብትጮህበት ይሻለው ነበር።

«ወላሂ ስንሻው» አለችው፣ «የገዛ ቤትህ ሲቃጠል ከጎረቤት ነው እንዴ የምትሰማው?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው። ዓይኑን ጫማው ላይ ተከለ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ወይዘሮ ሉባባ።»

«ይቅርታውን ተወው። ሰርቨሩን ቀን ከሌት የሚጠብቅ ነገር ፈልግልኝ። ሲያመው የሚነግረን፤ ከሞተ በኋላማ እኔም አውቃለሁ።»

ስንሻውም ፍለጋውን ጀመረ። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ሰርቨር የሚጠብቅ ሶፍትዌር በዓለም ላይ እንደ አሸዋ ነው። የመጀመሪያው ገና ሳይጀምር የውጭ አገር የባንክ ካርድ ጠየቀ፤ ወይዘሮ ሉባባ እንዲህ ያለ ካርድ የላትም። ሁለተኛው መብራት በሄደ ቁጥር የማስጠንቀቂያ መዓት ያዘንባል፤ መብራት ደግሞ እንደ እንግዳ ይመጣል እንጂ አብሮ አይኖርም፣ ስለዚህ ስንሻው በሁለተኛው ቀን ማስጠንቀቂያዎቹን ማንበብ ተወ። ሦስተኛው ሰርቨሩን የሚጠይቀው ከባሕር ማዶ ሆኖ ነው፤ ኢንተርኔት ደከም ባለ ቁጥር በሕይወት ያለውን ሰርቨር ሞተ ብሎ ያረዳል። በውሸት መርዶ ማን ይኖራል? እሱንም ጣለው።

አራተኛውን ያገኘው ባለሙያዎች በሚያወሩበት አንድ ድረ ገጽ ላይ ነው። ማን እንደሠራው አይናገርም። ነጻ ነው፤ የራስ ማሽን ላይ ይጫናል። ስንሻውን የገረመው ግን አማርኛው ነበር። የሌሎቹ አማርኛ፣ ካለም፣ የተሰባበረና አፍ የሚያደናቅፍ ነው፤ የዚህ ግን የቤት አማርኛ ነበር፣ ከማጀት የወጣ የሚመስል። «ማን ይጠበቅ?» ብሎ ይጠይቃል። «በምን በምን ሰዓት ያንኳኳ?» ይላል። ሁለት ዓይነት አጠባበቅ አለው። በአንደኛው ሶፍትዌሩ ሰርቨሩን በየጊዜው «አለህ?» እያለ ይጠይቀዋል። በሁለተኛው ግን አይጠይቅም፤ የሚጠበቀው ራሱ በየጊዜው መጥቶ ያንኳኳል፣ «አለሁ» ማለት ነው፤ ማንኳኳቱን ሲተው ብቻ ሶፍትዌሩ ይጮኻል። ስንሻው ይሄኛውን ወደደው። ለመሞከር የሚያንኳኳ ነገር ያስፈልገዋል። አሰበና እናቱ ትዝ አለችው።

እናቱ አሰገደች ደብረ ሲና ናት። ጉም ከገደሉ ሥር ተነሥቶ በሯን ሳያንኳኳ በሚገባበት ዳገት ላይ፣ ባሏ ካረፈ ወዲህ ብቻዋን ትኖራለች፤ ከስንሻው ሌላ ልጅ የላትም። እሱ ዩኒቨርሲቲ ሳለ ለሁለቱም ካርድ መሙላት ጭንቅ ስለነበር በሚስኮል ተስማምተው ነበር። እሷ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ አንዴ አስጠርታ ትዘጋለች፤ ደህና አድሬያለሁ ማለት ነው። እሱም አንዴ አስጠርቶ ይዘጋል፤ እኔም አለሁ ማለት ነው። አገሩ ሁሉ እንዲህ ያደርጋል። ሥራ ከያዘ በኋላ ግን ካርድ አላነሰውም፤ መደወልና ማውራት ይችል ነበር። በሚስኮሉ የቀጠለው ካወሩ እናቱ አንድ ነገር ስለምትጠይቀው ነው፦ «መቼ ነው የምትመጣው?»

ለመስቀል እመጣለሁ ብሎ ቀርቷል። ለገና ብሎ ቀርቷል። ለጥምቀትም ብሎ ነበር። ደብረ ሲና ደግሞ ጠዋት ተነሥተው ለምሳ የሚደርሱባት አገር ናት፤ ወይዘሮ ሉባባ ሠራተኞቿ ወደ ቤተሰብ ሲሄዱ በነጻ እንዲሳፈሩ ከፈቀደች ስንት ጊዜዋ። ወንበር ሲሸጥ ውሎ ለራሱ ወንበር አጣ፤ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይሄ ነው። ክፉ ልጅ ሆኖ አይደለም። መጀመሪያ ሥራ በዛበት። ቀጥሎ ባዶ እጁን መሄድ አሳፈረው። ከዚያ መቅረቱ ራሱ ያሳፍረው ጀመር፤ ሀፍረቱ ደግሞ ይብሱን አስቀረው። በዚህ ሁኔታ ጠዋት ጠዋት ስልኩ ጠርቶ «እማዬ» የሚለው ስም ብቅ ሲል መልሶ ለማስጠራት እንኳ እጁ ይከብደው ጀምሮ ነበር።

ስለዚህ የእሷ ጥሪ ብቻ ወደ ቢሮ እንዲሻገር አደረገ። ሰርቨሩ አጠገብ፣ ለተሳፋሪዎች የጽሑፍ መልእክት የሚልክ፣ ሲም ካርድ የሚጎርስ ትንሽ ሣጥን አለ፤ ጥሪው እዚያ እንዲገባ፣ ሶፍትዌሩም እንደ ማንኳኳት እንዲቆጥረው አሰናዳ። «ማን ይጠበቅ?» ለሚለው «እማዬ» ብሎ ጻፈ። ቀጣዩ ጥያቄ ወዲያው መጣ፦ «ዝም ካለች ማን ይጠራ?» የራሱን ስም ጻፈ። ከዚያ ሌሎቹ ሰርቨር ጠባቂዎች የማይጠይቁትን ጠየቀው፦ «ስታንኳኳ ስለ አንተ፣ በአንተው ቁጥር፣ ልመልስላት?»

ነውር ነው፤ ነውር መሆኑን ያውቀዋል። ለሙከራ ነው፣ ለጥቂት ቀን ነው ብሎ «አዎ» የሚለውን ተጫነ። ከጨለማው ክፍል ሣጥኑ ቀጭ አለ።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል። በማግሥቱ ጠዋት ስልኩ አልጠራም። ቢሮ ገብቶ ኮምፒዩተሩን ሲከፍት «እማዬ» ከሚለው ስም ጎን አረንጓዴ ነጥብ በርታለች፤ ከሥሯ «አንኳኩታለች፤ መልሼላታለሁ» ይላል። በቀጣዮቹም ቀናት እንደዚያው ሆነ። ሸክም ከትከሻው የወረደ መሰለው፤ እንዲያውም እናቱን ከበፊቱ ይልቅ ቶሎ ቶሎ የሚያያት መሰለው፣ ኮምፒዩተሩን በከፈተ ቁጥር እዚያው አለችና።

በአስተርእዮ ማርያም ዕለት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሣጥኑ ቀጭ አለ። ብዙም ሳይቆይ ደገመ። ስንሻው ለተሳፋሪ መልእክት የሚልክ መሰለውና ሥራውን ቀጠለ፤ በኋላ ገጹን ሲያየው ግን ማንኳኳቱ የእናቱ ነበር። ጠዋት አንዴ ብቻ ታስጠራ የነበረች ሴት ዛሬ እየደጋገመች ታስጠራለች። ማንኳኳቷን የሚቆጥረው የመስመር ሥዕል፣ እስከ ትናንት እዚህም እዚያም የተተከለ አጥር ይመስል የነበረው፣ ዛሬ ጥቅጥቅ ብሎ ቆሟል፤ ነጥቧም ደምቃ በርታለች፣ ሶፍትዌሩም ደስ ያለው ይመስላል፦ «አለች። በጣም አለች።»

ያረጀ ስልክ ነው፣ ቀሚሷ ኪስ ውስጥ እየተጫነ ይሆናል አለ ስንሻው። ልደውልላት ብሎ ስልኩን አነሣ። የጥምቀቱ ቀጠሮ ትዝ አለው። ምን ብሎ ይጀምራል? በምን አፉ? ስልኩን ጠረጴዛው ላይ መልሶ አስቀመጠው። ነገ እደውላለሁ አለ፤ እስኪመሽ ድረስ ቀጭ፣ ቀጭ የሚለውን ላለመስማት የክፍሉን በር ዘጋው።

ማንኳኳቱ ግን ቀጠለ። አንዳንድ ቀን ይሰፋል፣ አንዳንድ ቀን ይጠባል፤ በዚህ መሀል ወይዘሮ ሉባባ የመረጥከውን አሳየኝ አለች። ስንሻው ወንበር አቀረበላትና ገጹን ከፈተ። ሰርቨሩ አለ፤ የትኬት ገጹ አለ፤ የኢንተርኔት መስመሩ አለ። ከሁሉም በላይ፣ በመጀመሪያው ረድፍ ላይ፣ «እማዬ» ተቀምጣለች። ሊደብቃት ረስቶ ነበር።

«እሰይ! ይሄ ጥሩ ነው» አለች ሉባባ፣ ወደ ገጹ ጠጋ ብላ። «ይቺ ከላይ ያለችው ምንድን ናት? ከእኛ ሰርቨር እሷ አትሻልም እንዴ! አንድም ቀን አላረፈችም።»

ስንሻው ጆሮው ድረስ ጋለ። እናቴ ናት ቢል ነገሩን ማስረዳት ሊኖርበት ነው፤ እናቱን ማሽን ላይ እንዳሰራት፣ ማሽን እንዲመልስላት እንዳደረገ።

«ምንም አይደለችም፤ ለሙከራ ያስገባኋት ናት» አላት።

ይህን ሲል ሣጥኑ ቀጭ አለ። ሉባባ ሶፍትዌሩ ሥራ ላይ እንዲውል ፈቅዳ፣ አመስግናው ወጣች። ስንሻው በምስጋናው ደስ ሊለው ሲገባ አፉ መረረው፤ እናቱን ምንም አይደለችም ማለቱ ቀኑን ሙሉ ሲቆረቁረው ዋለ።

ከዚያን ቀን በኋላ፣ መቼ እንደሆነ ስንሻው ልብ ሳይል፣ ማንኳኳቱ ሌላ ሆነ። ቀድሞ የሰው እጅ እንዳለበት ያስታውቅ ነበር፤ ይዘገያል፣ ይጣደፋል፣ ያርፋል። አሁን ግን እኩል በእኩል ሆነ። ጠዋትም ቀትርም ማታም ያው፣ ቀጭ፣ ደግሞ ዝም፣ ደግሞ ቀጭ፣ እንደ ሰዓት። የመስመሩ ሥዕል በገመድ የተለካ ይመስላል። ሰው አይተኛም? ስንሻው ገጹን ላለማየት ሌላ ሥራ ያበዛ ጀመር፤ ግን የሰርቨሩን ድምፅ ሊያዳምጥ በሩን ሲገረብብ፣ ከፋኑ እንጉርጉሮ ሥር ያቺን ቀጭታ ይሰማታል። ከክፍሉ የሚወጣው ሽታም ተለውጦ ነበር። የቆዳውና የጨው ሽታ ሄዶ የእርጥብ ጋቢ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠልና የጉም ሽታ ይሸታል። ጣሪያውን አየ፤ አላፈሰሰም። የሰርቨሩን ብረት ሲዳስሰው እጁ በጤዛ ራሰ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ መብራት ሄደ። የመጠባበቂያ ባትሪው ትንሽ ከጮኸ በኋላ እሱም ደከመ። ፋኑ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ መጥቶ ቆመ፤ ሰርቨሩም ቆመ፤ የሣጥኑ መብራቶችም አንድ በአንድ ጠፉ። ስንሻው ጨለማው ክፍል ደፍ ላይ ላፕቶፑን በክንዱ ይዞ ቆሟል። ሶፍትዌሩ የተጫነው ላፕቶፑ ላይ ስለሆነ ገጹ ይታያል። ሰርቨሩ ቀላ፣ የትኬት ገጹ ቀላ፣ መስመሩ ቀላ። እንዲህ ነው መሆን ያለበት። ከላይ ያለችው ብቻ አረንጓዴ ናት። «አለች» ይላል። ጸጥታው ጆሮ እስኪያፍን ድረስ ከብዷል፤ ታች መናኸሪያው ውስጥ የሚጮኹት ረዳቶች እንኳ ከሩቅ፣ ከገደል ማዶ የሚጣሩ ይመስላል። በዚያ ጸጥታ መሀል፣ ጠብታ መብራት ከሌለው ሣጥን ውስጥ፣ ቀጭ አለ።

ስንሻው ደፉ ላይ እንደ ቆመ ስልኩን አወጣና ለእናቱ ደወለ። ይህን ካደረገ ስንት ጊዜው ነው? ሀፍረቱን ፍርሃት በለጠው። አንዲት ሴት በትሕትና መለሰችለት፤ የደወሉላቸው ደንበኛ በሌላ መስመር እያነጋገሩ ነው አለችው። ደገመ፤ ያው ነው። እፎይ አለ። ከሰው ጋር እያወራች ነዋ! ደህና ናት። እናቱ እያነጋገረች ያለችው ማንን እንደሆነ ግን ራሱን አልጠየቀም፤ ሣጥኑን አላየም፤ በሩን ዘግቶ ወደ ብርሃኑ ክፍል ተመለሰ።

ጋሼ ውብሸት የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። የእናቱ የግድግዳ ጎረቤት ናቸው፣ ስንሻው ያደገው ከእግራቸው ሥር ነው፤ ካፖርታቸው ላይ ጉሙ ገና አልደረቀም። የደሴ መስመር ሾፌሮችን እየጠየቁ ቢሮውን አገኙት። ስንሻው ብድግ ብሎ ትከሻቸውን ሳመ። ወንበር ሰጣቸው። አልተቀመጡም።

«እናትህን ትንሽ አሟታል» አሉት። «ና፣ እንሂድ።»

ትንሽ አሟታል። በዚህ አገር ይህን ለመንገር ማንም አራት ፎቅ አይወጣም። ስንሻው የቃሉን ትርጉም ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃል፤ አውቆም አልቀበልም አለ።

«ኧረ ደህና ናት፣ ጋሼ! አሁን፣ አሁን ነው ያስጠራችው። ይኸው ይዩ!» ላፕቶፑን ወደ እሳቸው አዞረ።

ሽማግሌው አረንጓዴዋን ነጥብ አዩ፤ አልገባቸውም። ከካፖርታቸው ኪስ በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር አወጡና ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ ፈቱት። የእናቱ ስልክ ነበር፤ ጀርባው በላስቲክ የታሰረ፣ ቁጥሮቹ የተፋቁ። መስታወቱ ጥቁር ነው።

«ይሄ ላንተ ይገባል ብዬ ነው» አሉ። «ካረፈች በኋላ ጠፍቶ ቀረ፤ ባትሪውም አብጧል።»

ስንሻው ስልኩን አነሣው። ቀዝቃዛ ነው፤ እንደ ድንጋይ። በእጁ እንደያዘው፣ ከኋላው ካለው ክፍል ቀጭ አለ። ገጹ ላይ አዲስ ቃል ወጣ፦ «አንኳኩታለች፤ መልሼላታለሁ።»

አውቶቡሱ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ በነጻው ወንበር። ጣርማበር ላይ ጉሙ መስኮቱን ሲሸፍነው፣ ጋሼ ውብሸት የልጁን ፊት ማየት የቀረላቸው ያህል ተናገሩ።

«ለአስተርእዮ ማርያም ሁላችንም ለንግሥ ወጥተን እዚያው አድረናል። እሷ እግሬን አመመኝ ብላ ቀረች። በር ላይ አዳልጧት ወደቀች፤ ዳሌዋ ነው። ስንመለስ ጉም ውስጥ ተኝታ አገኘናት፣ ስልኩ በእጇ ነበር። ካርድ የላት፣ አውርታ አትነግርህ፤ እያስጠራች ትዘጋለች።»

ስንሻው መዳፉን ጉም የሸፈነው መስኮት ላይ አሳረፈ።

«ሆስፒታል እንውሰድሽ ብንል እምቢ አለች። ‹ልጄ መልሶልኛል› አለች። እውነትም ስታስጠራ ወዲያው ትመልሳለህ። እኛም እያየናት ነበር እኮ። ‹አያችሁ? ሰምቶኛል፤ እየመጣ ነው። መጥቶ ቤቱን ዘግታችሁበት ቢያገኘው ይደነግጣል› አለች። በስንት ልመና እንለምናት! እኛ እንደውልለት ብንልም ‹መንገድ ላይ ያለ ሰው አታስደንግጡ› አለች። ሲመሽ ታስጠራለች፣ ትመልሳለህ። ሲነጋ ታስጠራለች፣ ትመልሳለህ። እኛም መንገድ ላይ ነው፣ ደርሷል አልን። ቁጥርህ ያለው በእሷ ስልክ ላይ ብቻ ነው፤ ካረፈችም በኋላ በእሱው ሞከርን፤ መልሰህ አስጠራህና ዘጋህ። ከዚያ ባትሪው አለቀ። ቀብሩን ብንጠብቅህ፣ ብንጠብቅህ…» ጋሼ ውብሸት አፋቸውን በጋቢያቸው ያዙ። «ሬሳ አይቆይም፣ ልጄ።»

ስንሻው ማልቀስ ነበረበት። የመጣበት ግን ሀፍረት ነው። ለቅሶ ቤት ሲገባ ሰው ሁሉ ተነሣለት። ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ የእናቱን ደግነት ሲያወርዱ የእሱንም ጨመሩበት። መላሽ ልጅ አሉት። እናቱ ስትጠራው አንድም ቀን ያላሳፈራት ልጅ አሉት። አንዲት አሮጊት ጉንጩን ይዛ፣ «እንኳንም የስልክህን ጥሪ እየሰማች ሄደች፤ እሱ አጽናናት» አለችው። ማሽን ነው ሊል አፉን ከፈተ። የሁሉም ዓይን እሱ ላይ ነበር፣ እንባ ያዘለ፣ የሚያመሰግነው። አፉን ዘጋ። መቃብሯ ላይ ቆሞም ይቅርታ አልጠየቃትም፤ ሰው አጠገቡ ነበር። ምስጋናውን እንደ ለበሰ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ።

ሥራ የገባበት ዕለት ዓርብ ነበር፤ ወይዘሮ ሉባባ ሶላት ሄዳለች፣ ትኬት ቆራጮቹ ምሳ ወጥተዋል። ቢሮው ውስጥ ብቻውን ነው። መስኮቱ ላይ የቀትር ፀሐይ አለ፤ የጨለማው ክፍል በር ግን ገርበብ ብሎ ቀዝቃዛ አየር ወደ እግሩ ይልካል። ገጹን ከፈተ። አለች፤ አረንጓዴ ናት። ስሟ ላይ ጣቱን አሳርፎ፣ ማጥፊያውን ተጫነ። «ትሰናበታታለህ?» አለው። «አዎ» አለ። ረድፉ ጠፋ። ጥሪዋን ወደ ሣጥኑ የሚያሻግረውንም ነገር ከስልኩ አነሣው። ቀጭታው ቆመ። ለመጀመሪያ ጊዜ የፋኑን እንጉርጉሮ ብቻ ሰማ፣ እንደ ድሮው።

ያኔ ጠረጴዛው ላይ ያለው ስልኩ ጠራ። አንዴ ብቻ ጠርቶ ተዘጋ። «እማዬ» ይላል።

የእሷ ስልክ መሳቢያው ውስጥ ነው። ከፍቶ አየው፤ በመሐረቡ እንደተጠቀለለ አለ። ገጹ ላይ፣ የእሷ ረድፍ በነበረበት ቦታ፣ ማንም ሳይጽፈው አዲስ ረድፍ ወጣ። «ማን ይጠበቅ? ስንሻው» ይላል። ከጎኑ ያለችው ነጥብ አረንጓዴ ናት፤ እየጠበቀች ነው።

ስልኩ እንደገና አንዴ ጠርቶ ተዘጋ። የጉሙ ሽታ ከበሩ ሥር እየመጣ ነው።

ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል። አንዴ መልሶ ማስጠራት ብቻ ነው፤ እኔም አለሁ ማለት። ከዚህ ሌላ ጠይቃው አታውቅም። ጣቱን ስሟ ላይ አደረሰ። መኝታዋ ላይ ሆና ስልኩን ለጎረቤት ስታሳይ፣ አያችሁ ስትል ታየችው። በምን ፊቱ ይመልስላት? ጣቱን አነሣ። ስልኩን በፊቱ ደፋውና ዓይኑን ጨፈነ፤ ሦስተኛውን ጥሪ በጠረጴዛው ንዝረት ሰማው፤ አላነሣውም። ከዚያ በኋላ አልጠራም።

ጸጥ አለ። ፋኑም ቆሟል። ዓይኑን ሲገልጥ ነጥቧ ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ፣ ከቢጫ ወደ ቀይ ስታልፍ ደረሰባት።

«ስንሻው፦ ዝም ብሏል» ይላል ገጹ። «ዝም ካለ ማን ይጠራ፦ እማዬ። ተጠርታለች።»

ከዚያ ሥር፣ ምላሽ በሚጻፍበት ቦታ ላይ፣ አንድ መስመር ቀስ እያለ፣ ፊደል በፊደል ወጣ፦ «ሰምቼሃለሁ ልጄ፤ እየመጣሁ ነው።»